የቪትዜ ራዲያተር ያንጠባጥባል፤ ይበየድ ወይስ ይቀየር?

የሰሚቱ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። 2003 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ፣ አውቶማቲክ። ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ በየሁለት ቀኑ ግማሽ ሃይላንድ ውሃ እየጨመርኩ ነው የምነዳት። ጠዋት ስነሳ ካደረችበት መዳፍ የሚያህል እርጥበት አገኛለሁ። ትናንት መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ ቀይዋ የሙቀት መብራት ቦግ አለች። እንደምታውቁት የዚህች መኪና ዳሽቦርድ የሙቀት መርፌ የለውም፤ ሰማያዊና ቀይ መብራት ብቻ ነው። (ሰማያዊዋ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሥራ ቦታ ልደርስ ስል ነው የምትጠፋው። እሷ እንኳን ምንም አይደለችም መሰለኝ።)

ሦስት ጋራዥ ጠየቅኩ። አንዱ "ይበየዳል"፣ ሌላው "ዱቄት ጨምርበት"፣ ሦስተኛው ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍት "ቀይረው" አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሠርግ ደብረ ማርቆስ እሄዳለሁ። ዓባይ በረሃ አለ ማለት ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

ቶሎ ባይ፦
ምን ያስጨንቅሃል ወንድሜ! የሚደፍነውን ዱቄት ገዝተህ ጨምርበት፣ አለቀ። እኔ ዓመት ሙሉ ነድቼበት ነው መኪናዋን የሸጥኳት።

ጋሽ መፍቻ፦
ቶሎ ባይ፣ የገዛህ ሰው ምን እንዳለ ግን አልሰማህም። ያ ዱቄት ቀዳዳውንና ጠባቡን ቱቦ ለይቶ አያውቅም። ሁለቱንም ይደፍናል። መጀመሪያ የሚዘጋው የማሞቂያዋ ትንሽ ራዲያተር ነው፣ ከዚያ ትልቁ ይከተላል።

ልጄ፣ ከመወሰንህ በፊት የት እንደሚያፈስ እወቅ። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ባትሪ ይዘህ ራዲያተሩን ከላይ እስከ ታች እየው። ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሲደርቅ ነጭ ወይም ሮዝ ቅርፊት ይተዋል። ቅርፊቱ ያለው ፕላስቲኩ ላይ ነው? ፕላስቲኩና አሉሚኒየሙ የተቆለፉበት ጠርዝ ላይ ነው? መሃል ላይ፣ ክንፎቹ (ቀጫጭኖቹ የአሉሚኒየም ቅጠሎች) መካከል ነው? ወይስ ጭራሽ ራዲያተሩ ደህና ሆኖ ከጎማ ቱቦው ወይም ከውሃ ፓምፑ ነው የሚመጣው? ፓምፕ አፍስሶ ራዲያተር ያስቀየረ ሰው ስንቱን አይቻለሁ።

ክዳኑንም እየው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተርህ ደግሞ ከዚያ የማይተናነስ ሙቀት ላይ ነው የሚሠራው። የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ክዳኑ ላይ 1.1 ወይም 108 የሚል ቁጥር ታያለህ፣ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ራዲያተሩ ካፈሰሰ ግፊት የለም። ግፊት ከሌለ እዚህ እኛ ጋ ከጅቡቲ ቀድመህ ትፈላለህ።

አርጎን በያጅ፦
እንጀራዬ ብየዳ ነው፣ ግን እውነቱን ልንገርህ። "ይበየዳል" ያለህ ሰው የድሮውን ራዲያተር እያሰበ ይሆናል። የድሮው መዳብና ነሐስ ስለነበር እርሳስ ጥሩ አድርጎ ይይዘው ነበር። ያንተ መሃሉ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ቀጭን ቆዳ ያበጃል። ብረቱ በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ ያ ቆዳ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። እርሳሱ ቆዳው ላይ ይንከባለላል እንጂ አይያዝም።

በአርጎን ጋዝ ብየዳስ? ይቻላል። ግን የቱቦው ግድግዳ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። እጅህ ትንሽ ከዘገየ አንዱን ቀዳዳ ሁለት ታደርገዋለህ። ሙቀቱ ደግሞ ፕላስቲኩንና የውስጡን ጎማ ያበላሻል። ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም የሆነ ራዲያተር አምጣልኝ፣ በደስታ እበይዳለሁ። የቪትዝ ሲመጣብኝ ግን እመልሳለሁ።

የቨርጂኒያው ሹፌር፦
ጋሽ መፍቻ ያሉት ልክ ነው፣ መጀመሪያ መፈተሽ። እዚህ የመኪና ዕቃ መደብሮች የግፊት መለኪያውን በመያዣ ያውሱናል። በክዳኑ ቦታ ትገጥመዋለህ፣ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ትነፋለህ፣ አሥር ደቂቃ ትጠብቃለህ። መርፌው ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ሞተር ሳይነሳ ቁጭ ብለህ ታየዋለህ። አዲስ አበባም መሣሪያው ያላቸው ጋራዦች አይጠፉም፣ ጠይቅ።

እኔ በሁለት ቱቦ የሚመጣውን፣ የሚቀላቀለውን ሙጫ ሞክሬያለሁ። በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ በአልኮል ጠርጌ፣ አሳድሬው። አሉሚኒየሙ ላይ ያደረግኩት ቆየልኝ። ፕላስቲኩ ላይ ያደረግኩት ግን ወር አልሞላም።

የሰሚቱ ልጅ፦
አየሁት! ከላይ ያለው ፕላስቲክ፣ ትልቁ ጎማ ቱቦ የሚገባበት አንገት ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ዙሪያዋ ሮዝ ቅርፊት ይዟል። ፕላስቲኩ ጥቁር መሆን ነበረበት አይደል? የኔ ቡና መስሏል። ጠርዙ ደረቅ ነው፣ መሃሉም ደህና ነው።

ጋሽ መፍቻ፦
ቡና ከመሰለ አበቃለት። በሙቀት ደርቋል፣ ዛሬ እዚህ ብትለጥፈው ነገ እዚያ ይሰነጠቃል። ጠርዙ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአሉሚኒየሙን ጥርሶች በፒንሳ ቀስ እያልክ አጥብቃቸው እልህ ነበር። አሁን ግን ቀይረው። ሳያይ "ቀይረው" ያለህ ሰውዬ በግምት አገኘው!

የመርካቶዋ፦
ሱማሌ ተራ ልትገዛ ከሄድክ ምክሬን ስማ። አሮጌውን ፈትተህ ይዘህ ሂድ። ያንተ አውቶማቲክ ስለሆነ ከታች በኩል ሁለት ቀጫጭን የካምቢዮ ዘይት መግቢያና መውጫ ሊኖረው ይገባል። የማንዋሉን "ያው ነው" ብለው ሊሰጡህ ይችላሉ። ያው አይደለም።

ያገለገለ ከሆነ በአፉ ባትሪ አብራና እይ። ጭቃ ካለ ተወው። ክንፎቹን በጣትህ ዳሰስ አድርግ፣ ከረገፉ ተወው። የዘይቱ ክፍል ውስጥ ለውስጥ ከተበሳ ዘይትና ውሃ ተቀላቅሎ ሻይ በወተት ይመስላል። ያኔ ያለቀስከው ለራዲያተር ሳይሆን ለካምቢዮ ነው። እኔ ብሆን ካገለገለ ኦሪጅናል አዲሱን ኮፒ ከጥሩ ክዳን ጋር እመርጣለሁ። ዋጋ አልጽፍልህም፣ በሳምንቱ ይቀየርና ውሸታም ታደርገኛለህ።

ጋሽ መፍቻ፦
እህታችን ጨርሳዋለች። ሲገጠም አጠገቡ ቁም። የጎማ ቱቦዎቹ ከደረቁ አብረው ይቀየሩ። የቧንቧ ውሃ አታስገባ፣ ውስጡን እንደ ማንቆርቆሪያ ቅርፊት ያስይዘዋል። የተዘጋጀ ኩላንት ከገዛህ ውሃ አትጨምርበት። ወፍራሙን ከገዛህ ግማሽ በግማሽ በተጣራ ውሃ በጥብጠው። ለባትሪ የሚሸጠው ማለቴ ነው፣ አደራ አሲዱን እንዳይሰጡህ! ከዚያ ክዳኑ ክፍት ሆኖ፣ ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ ብሎ እስኪያልቅ ሞተሩ ይሥራ። የካምቢዮውን ዘይትም ለካ፣ ቱቦው ሲፈታ መፍሰሱ አይቀርም።

አንድ ነገር ደግሞ። ያቺ ሰማያዊ መብራት "ምንም አይደለችም" አልክ። ናት እንጂ! ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው፣ ቶሎ መጥፋት ነበረባት። መካኒኩ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚይዘውን በር) ያይልህ።

የጎጃም መስመር፦
ከጎሃ ጽዮን ስትወርድ በዝቅተኛ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬን ላይ አትተኛ። ድልድዩን አልፈህ ወደ ደጀን ስትወጣ ኤሲ አጥፋ። ቀይዋ ከበራች ጥግ ያዝ፣ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ክፈት፣ ቀጥሎ ሞተር አጥፋ። ሙቀቱ ሳይበርድ ክዳኑን አትንካ፣ በፎጣም ቢሆን። ያጎቴ ልጅ ደረቱ ላይ ጠባሳ አለው።

የሰሚቱ ልጅ፦
ቤተሰብ፣ ተቀየረ! አዲስ ኮፒ ከክዳን ጋር ገዛሁ፣ የላይኛውም ቱቦ ተቀየረ። ጋሼ እንዳሉት የቴርሞስታቱን ቤት አስከፈትኩት። ባዶ! ከኔ በፊት አንዱ "መኪናዋ እንዳትሞቅ" ብሎ አውጥቶት ነበር። ለካ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ነው ዓመት ሙሉ የነዳሁት፤ ቤንዚን ትበላለች እያልኩ እማረር ነበር። አዲስ ተገጠመለት። ዛሬ ጠዋት ሰማያዊዋ ሰሚት አደባባይ ሳልደርስ ጠፋች።

አሮጌውን ሲገለብጡት ደግሞ ከውስጡ ቡናማ የዱቄት ጭቃ ወጣ። ቅድም የተወራለት ዱቄት መሰለኝ።

ጋሽ መፍቻ፦
ቶሎ ባይ፣ የሸጥካት መኪና ምን ነበረች?

ቶሎ ባይ፦
ኧረ ጋሼ፣ የኔ ኮሮላ ነበረች!