ከወረታ ተነስቶ በሩዙ ሜዳና በኮረብታው በእግር፦ መንገዱን የሚያውቅ አለ?

የጋሼ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ወረታና ዙሪያውን በእግሩ የሚያውቅ ሰው እየፈለግኩ ነው።

አባቴ እዚያው፣ ፎገራ ነው የተወለደው። በ1966 ዓ.ም. ገና ጎረምሳ ሳለ አዲስ አበባ ገባ፣ በዚያው ቀረ። አሁን 68 ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የሄደው ለለቅሶ ብቻ ነው፤ ያውም በመኪና፣ ደርሶ መልስ። ስለዚህ ሩዝ የሚታጨድበትን ፎገራ በቅጡ አያውቀውም። እሱ የሚያወራልኝ ስለ ሣሩና ስለ ላሞቹ ነው። «መሃሉ ላይ ቆመሽ ብትዞሪ ላምና ሰማይ ብቻ ነው» ይለኛል።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእግር ተጓዦች ጋር እወጣለሁ። እንጦጦ፣ መናገሻ፣ ወንጪ። ሁሉም ዳገት ነው፣ አባቴን ይዤው አልሄድም። ግራ ጉልበቱን ያመዋል። ሜዳ ከሆነ ግን ሦስት ሰዓት ይሄዳል፣ ለስለስ ያለ ዳገትም አይፈራም።

ወረታ እያደርን አንዱን ቀን በሩዙ መሃል፣ ሌላውን ቀን በምሥራቅ በኩል ባሉት ኮረብታዎች ብንሄድ ያስኬዳል? የትኛው ወር ይሻላል? ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ሜዳው ላይ ብዙ ቀጫጭን መስመር ያሳየኛል። መንገድ ይሁን ቦይ አልገባኝም።

ዋልካ ረጋጭ

እህቴ፣ ከካርታው ልጀምርልሽ። እነዚያ መስመሮች መንገድም ናቸው፣ ቦይም ናቸው። እንደ ወሩ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጋሪ የሚሄድበት፣ ነሐሴ ላይ ታንኳ ይሄድበታል። እያጋነንኩ እንዳይመስልሽ። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ የሚመልሳቸው የለም። የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ አባትሽ ሳይሰሙ አይቀሩም፤ ስንቱን ሰው ከቤቱ ነው ያስወጣው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወሩን ምረጪ። እኔ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እላለሁ። ሩዙ ቢጫ ሆኗል፣ አጨዳው ተጀምሯል፣ ዋልካው ደርቆ ሰው ይሸከማል። ጥቅምት ይበልጥ ያምራል የሚልሽ ይኖራል። ያምራል፣ አልክድም። ግን እኔ በጥቅምት የገጠመኝን ስሚ።

ከባህር ዳር ነጭ ስኒከር አድርጌ መጣሁ። የአገሩ ልጅ ነኝ፣ ምን እሆናለሁ ብዬ። ክትሩ ላይ፣ ማለት በሁለት ማሳ መሃል ውሃ እንዲይዝ በተከመረው አፈር ላይ፣ እየሄድኩ ነው። ከላይ ደርቋል። ግራ እግሬ ገባ፣ እስከ ጉልበቴ። ስስበው እግሬ ወጣ፣ ጫማው ቀረ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጣና አጎንብሶ ክንዱን እስከ ብብቱ ከተተው። ፈለገ፣ ፈለገ፣ አወጣው። ጭቃውን ደፋልኝና ቀኝ እግሬን አየት አድርጎ «ያኛውስ፣ አለ?» አለኝ። አሁንም ድረስ ቤት ውስጥ ጫማ ሲጠፋ እንደዚህ ነው የምንባባለው።

መጀመሪያ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። ወደ ናበጋ፣ ወደ ምዕራብ የሚወስደውን የጠጠር መንገድ ያዙ። የሩዝ መፈልፈያዎቹን በጠዋት ብታልፏቸው ይሻላል፤ ማሽኑ ከተነሳ የቅርፊቱ ብናኝ ጉሮሮ ይይዛል። ውጭ የተከመረውን ቅርፊት ስታይው አሸዋ ነው የሚመስልሽ። ከከተማው ከወጣችሁ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ሂዱና ወደ ማሳው ግቡ፣ በሌላ ክትር ዞራችሁ ተመለሱ። እስከ ጣና ሐይቅ አትድረሱ፣ ለሳቸው ይረዝማል።

ክትሩ የሰው ንብረት ነው። ረግጠሽ ጠርዙ ከተናደ በእጅሽ መልሰሽ ድፈኚው። ውሃው ቢደርቅም ገበሬው ያያል። የሚያጭድ ሰው ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ፣ «ያበርታችሁ» በሉ። አውድማ ላይ ከሆኑ «ይበርክት»። ከዚያ በኋላ የማን ልጅ እንደሆኑ አባትሽን መጠየቃቸው አይቀርም። እሱ አንድ ሰዓት ይበላል፣ አስቀድመሽ አስቢበት።

ዝቅ ብለሽም እይ። ሩዙ ከታጨደበት ማሳ ቆረኑ መሃል ጓያ ይበቅላል። ሩዙ ሳይነሳ ነው የሚዘሩት፣ የቀረችው እርጥበት እንዳታመልጥ። ታኅሣሥ ላይ ያብባል፤ ሰማያዊ ነው፣ ከጥፍር የማይበልጥ። ቢጫ ገለባ ውስጥ እሱን ማየት ነው እኔን ሁልጊዜ የሚያቆመኝ። ጓያ ግን አብዝቶ ለበላው እግር ያሽመደምዳል፤ ጋሼ እሸቱን እየቆረጠሙ እንዳይሄዱ። ጉልበታቸው ያለው ይበቃዋል።

ለሳቸው የምትነግሪያቸው ደግሞ ይኸው። ሩዙ የመጣው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው ያስጀመሩት። መጀመሪያ የተሞከረው በደራ ጅግና፣ በፎገራ ደግሞ ሻጋ ነበር። ዛሬም ገበሬው የሚያውቀው ዘር ስሙ «ኤክስ ጅግና» ነው። ሩዙን የተቀበለው ያ ውሃ ይተኛበታል ተብሎ ለከብት የተተወው መሬት ነው፤ ማለትም የሳቸው ሣር። ላሞቹ ያነሱት ለዚህ ነው። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬዋን የፎገራ ላም መንደር ውስጥ አልፎ አልፎ ታያላችሁ። በብዛት ማየት ካማራቸው ግን ዝርያው የሚጠበቀው ባህር ዳር አጠገብ አንዳሳ፣ የእንስሳት ምርምሩ ዘንድ ነው።

ሁለተኛው ቀን ቀላል ነው። በደብረ ታቦሩ አስፋልት እስከ አውራምባ መገንጠያ በሚኒባስ፤ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ ወደ መንደሩ በእግር። አውራምባን የማያውቅ የለም፤ በ1964 ዓ.ም. ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት፣ ሴት የምታርስበት፣ ወንድ የሚፈትልበት። ሸማኔዎቹ ዘንድ ጎራ በሉ። ከዚያ ጉብታ ጉብታውን ይዛችሁ ወደ ዓለም በር አቅጣጫ ውጡ። ዳገቱ ትንፋሽ አያሳጥርም፣ እያወራሽ የምትወጪው ዓይነት ነው። ዞር ስትሉ ትናንት የሄዳችሁበት ሜዳ ከታች ተዘርግቷል። ጠዋት ሰማዩ ከጠራ ከጫፉ ላይ ጣናን መለየት ይቻላል፤ አቧራ ከተነሳ አይታይም።

አንድ ነገር፦ ለታመመ ጉልበት የሚከፋው ቁልቁለቱ ነው። በእግራችሁ ውጡ፣ አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ ጠብቃችሁ በመኪና ውረዱ።

እና ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ያለ ሰው ጠይቁ። የወረታ ሰው «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካለ ይቅርባችሁ።

የባህር ዳሯ

ዋልካ ረጋጭ ሐይቁን እንዲህ ዘለሃት? የሜዳው ግማሽ ውበት እኮ እዚያ ነው።

እህቴ፣ ጋሼ መሄድ ካልቻሉ እስከ ናበጋ በመኪና አድርሺያቸውና ከዚያ ጀምሩ። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች እዚያው በኩል ናቸው። ከኅዳር ጀምሮ ክሬን የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከአውሮፓ መጥተው ይከርማሉ። ቀን ቀን ማሳ ላይ የወደቀ እህል ይለቅማሉ፣ ሲመሽ ወደ ውሃው ይመለሳሉ። እኔ አመሻሹን ነው የምወደው። መጀመሪያ ድምፃቸውን ነው የምትሰሚው፣ ከዚያ ነው ቀና ብለሽ የምታያቸው። የአገራችንም አለ፤ ራሱ ላይ ዘውድ የመሰለ ወርቅማ ላባ ያለው፣ ጥንድ ጥንዱን የሚሄድ።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ገብቷል። ረግረጉ ግን ከዓመት ዓመት እየጠበበ ነው። ውሃው ሸሽ ባለ ቁጥር ይታረሳል። በገበሬው አልፈርድም፣ እርጥብ መሬት አግኝቶ ማን ይተዋል?

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ውሃው ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ፣ ቢልሃርዝያ አለ። ወረታ ስታድሩ ደግሞ አጎበር ይኑራችሁ። የወባ አገር ነው፣ ደጋ የከረመ ሰው ቶሎ ነው የሚያነሳው።

ከቶሪኖ

ስለ ፎገራ የማውቀው ነገር የለም፣ ግን የሩዝ ሜዳ በእግሬ ሄጃለሁና አንድ ቃል ልጨምር። እዚህ ሰሜን ጣልያን ቨርቼሊ የሚባል የሩዝ አገር አለ። ወደ ሮም የሚወስደው የጥንቱ የተሳላሚዎች መንገድ በማሳዎቹ መሃል ያልፋል። ከሳንቲያ እስከ ቨርቼሊ ያለውን ባለፈው ዓመት በአንድ ቀን ሄድኩት፤ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሚያዝያ መጨረሻ ስለነበር ማሳው ውሃ ተሞልቷል፤ ተራሮቹን ከነበረዷቸው ውሃው ውስጥ፣ ከእግርሽ ሥር ታያቸዋለሽ። በደቡብ በኩል ደግሞ የወይን ኮረብታዎች ከሩቅ ይታያሉ።

የተማርኩት ምን መሰላችሁ? ሜዳ አያደክምም የሚል ሰው ሜዳ አልሄደም። ዳገት ላይ እግር ሥራ ይቀያይራል። ሜዳ ላይ ያው አንዱ ጅማት ነው ከጠዋት እስከ ማታ የሚጎተተው። ጥላም የለም። የደወል ማማው ከፊት ይታይሻል፣ ሁለት ሰዓት ሄደሽም ያው እዚያው ነው። እኔ ገና 40 ሳልሞላ ማታ ደረጃ መውጣት አቅቶኝ ነበር። ለአባትሽ በየአርባ ደቂቃው ማረፊያ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ከሚበቃው በላይ ውሃ፣ ዱላ።

ዋልካ ረጋጭ

ትክክል ነው፣ ጥላውን ረስቼዋለሁ። ያደግንበት ስለሆነ አይታወቀንም። እስከ አራት ሰዓት ተኩል ሂዱ፣ ከዚያ ወደ ከተማ ተመለሱና ምሳ ብሉ። እንጀራው ውስጥ ሩዝ አለ፤ ነጣ፣ ላላ ያለ ነው። ትኩስ እያለ ነው የሚበላው፣ ለማግስቱ አይሆንም።

የባህር ዳሯ፣ ስለ ክሬኖቹ አሸንፈሽኛል። ሦስተኛ ቀን ካላቸው ወደ ናበጋ ይሂዱ።

የጋሼ ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሁሉንም አነበብኩለት። ስለ ኮሪያዎቹ ሲሰማ ዝም አለ። የጫማውን ሲሰማ ግን ሳቀ፣ ሳቀ፣ «ዋልካ እንደሆነ አልተለወጠም» አለ። ዱላ ያዝ ሲባል ተቆጣ።

ታኅሣሥን ይዘናል፣ ሰላም ከሆነ። አንድ ጥያቄ አለው፣ ካልጠየቅሽልኝ ብሎ አስጨንቆኛል። ከወረታ ወደ ምዕራብ ሲወጣ በስተግራ አንዲት ሾላ ነበረች ይላል። ከብት ሲያግድ ቀትር የሚያሳልፍባት። አለች ወይ?

ዋልካ ረጋጭ

በስተግራ አንዲት ሾላ አለች። ከሥሯ ባጃጆች ይቆሙባታል፣ ግማሽ ቅርንጫፏ ለመብራት ገመድ ተብሎ ተቆርጧል። የሳቸው ትሁን ሌላ፣ እሳቸው አይተው ይለዩዋት።

ጫማ ግን ሁለት ጥንድ ያዢ።