የቱ የመኖ ዛፍ ይሻላል? ታኒንን አይቶ መምረጥ

«የመኖ ዛፍ ልተክል ነው፣ የቱን ትመክሩኛላችሁ?» ለሚል ሰው እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። የምትመግበው ላም ነው፣ በግ ነው ወይስ ፍየል? በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ታኒን ሁሉም እኩል አይችሉትም።

ታኒን ቆዳ የሚለፋበት ያው ንጥረ ነገር ነው። ፕሮቲን ሲያገኝ ይጣበቅበታል። በመጀመሪያው ትልቁ ጨጓራ አሲዱ ደካማ ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ከ6 እስከ 7 ገደማ። እዚያ ታኒኑ ፕሮቲኑን አጥብቆ ይይዝና ከባክቴሪያዎች ያስመልጠዋል። አራተኛው ጨጓራ ላይ ፒኤቹ ከ3.5 በታች ሲወርድ ይለቀዋል፤ የተረፈውን ትንሹ አንጀት ይረከባል። ታኒኑ ከደረቁ መኖ ከ2 እስከ 4 በመቶ ከሆነ ነገሩ ትርፍ ነው፣ የሆድ መነፋትንም ይቀንሳል። ከ5 በመቶ በላይ ሲሄድ ግን እንስሳው መብላት ይቀንሳል፣ ገለባውም እንደልብ አይፈጭለትም።

ለላም የምመርጠው ግሊሪሲዲያን ነው። ታኒኑ ትንሽ ነው። ችግሩ ሽታው፤ መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ያኮርፉታል። ትንሽ አጠውልጎ መስጠትና ታግሶ ማስለመድ ይረዳል።

ሉሲንያ ገንቢ ነው፣ ላሞችም ይወዱታል። ታኒኑ መካከለኛ ነው። የሚያሳስበኝ ሚሞሲን የሚባለው ሌላው ኬሚካል ነው፤ ስለዚህ ከመኖው ሲሶ በላይ አይሁን። ሚሞሲን የሚያመነጨውን መርዝ የሚሰብር ባክቴሪያ አለ። በሆዳቸው የሌላቸው ላሞች ግን ይጎዳሉ።

ካሊያንድራ ላይ ሰው ይከራከራል። በታኒን የታጨቀ ነው፣ ለብቻው መኖ አይሆንም። እኔ ለፍየል፣ በገለባ ወይም በድርቆሽ ላይ በትንሹ ተጨማሪ ብቻ እሰጠው ነበር። ፍየል ከላምና ከበግ በተሻለ ትችለዋለች። ደግሞ ትኩሱን ይስጡ፤ ማድረቅ የመፈጨት አቅሙን ይቀንሳል። «ሁሉን ቅጠል አድርቁ» የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም።

ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የሚባለው ኬሚካልስ? በታኒን ላይ ተጣብቆ ፕሮቲኑን ነፃ ያወጣል፣ በደንብም ይሠራል። ግን ለጥቂት ፍየሎች ኬሚካል ከመግዛት ቅጠሉን መቀነስ ይቀላል።

የኦክ ዛፍ ቅጠልና ፍሬ ከምርጫዬ ውጪ ነው። ታኒኑ ሌላ ዓይነት ነው፤ በብዛት ከተበላ ሆድ ውስጥ ተሰባብሮ ኩላሊት ይጎዳል።