ጥቆማ፦ ክሮንስ ነው ኮላይትስ? አዲስ አበባ ላይ ምርመራውም መድኃኒቱም ከየት

"አይቢዲ ነው" (አንጀት የሚያቆስል የማይለቅ በሽታ፣ ዋና ዓይነቶቹ ክሮንስና አልሰራቲቭ ኮላይትስ ናቸው) ተብላችሁ የቱ ሀኪም ጋ ልሂድ የቱ መድኃኒት ይሻላል እያላችሁ በኢንቦክስ ለምትጠይቁኝ አንዴ ልጻፈው። እኔ አልሰራቲቭ ኮላይትስ ነው ያለብኝ፣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ክሮንስ። ቤተሰብ ውስጥ ሁለታችንም "አንጀታቸውን የሚያማቸው" ነን ግን የምንገዛው መድኃኒት እንኳን አንድ አይደለም፣ ስለዚ መጀመሪያ የምትፈልጉት ዓይነቱን የሚለይላችሁ ሰው ነው።

ኮላይትስ ትልቁ አንጀት ላይ ብቻ ነው፣ ከፊንጢጣ ይጀምርና ቦታ ሳይዘል ወደ ላይ ይወጣል፣ የሚያቆስለውም የውስጡን ስስ ሽፋን ነው። ክሮንስ ግን ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ይወጣል፣ አንዱን ቦታ ይዞ ቀጥሎ ያለውን ጤነኛ ይተወዋል፣ የትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ይበዛል፣ የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ስለሚገባም ነው መጥበብና ፊስቱላ (ከአንጀት ወደ ሌላ አካል ወይ ወደ ቆዳ የሚከፈት ቀዳዳ) የሚያመጣው። በሽታው ትልቁ አንጀት ላይ ሆኖባቸው መጀመሪያ ላይ የቱ እንደሆነ የማይለይላቸው ሰዎች አሉ፣ ከ100 ወደ 10 ይሆናሉ፣ "ያልተመደበ" ከተባላችሁ ሀኪሙ አያውቅም ማለት አይደለም።

ሰገራ ምርመራ ይሰራ፣ አሜባ አንጀቱን ሲያቆስል ቁርጥ ኮላይትስ ስለሚመስል መለየት አለበት። ግን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሳምንታት አልፎት፣ ሜትሮ (ሜትሮኒዳዞል፣ የአሜባ መድኃኒት) ወስዳችሁ ተመልሶ፣ አሁንም ሰፈር ያለው ክሊኒክ "አሜባ ነው" ካላችሁ ሌላ ዙር ሜትሮ አትግዙ በቃ፣ ሪፈር አጽፉ። ካልፕሮቴክቲን የሚባለው የሰገራ ምርመራ በግራም ከ50 ማይክሮግራም በታች ከመጣ ነገሩ አይቢኤስ (ቁስለት የሌለው የአንጀት መታወክ) የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። ለአርሾና ለአይሲኤል ላቦራቶሪዎች ደውላችሁ ዋጋውንና ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ አወዳድሩ። ከፍ ካለ ግን የትኛው ዓይነት እንደሆነ አይነግራችሁም፣ ኢንፌክሽንም እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ የህመም ማስታገሻም ከፍ ያደርገዋል።

ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ላይ ነው ብር የሚወጣው። የኔ ምርጫ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ የጂአይ (የጨጓራና አንጀት) ክፍል ነው፣ ቀጠሮው ያስመርራል አውቃለሁ፣ ግን ሰርጀኑም ራዲዮሎጂስቱም ፓቶሎጂስቱም (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያነበው) አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ለክሮንስ ደግሞ ሶስቱም ያስፈልጓችኋል። ደሙ ፋታ የማይሰጥ ከሆነ ግል ሂዱ፣ ግን ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት በስልክ ጠይቁ፦ ካሜራው ትንሹ አንጀት መጨረሻ ድረስ ይገባል ወይ፣ ናሙና ከስንት ቦታ ነው የምትወስዱት? ቢያንስ ከአምስት ቦታ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት መሆን አለበት፣ ጤነኛ ከሚመስለውም ጭምር፣ በየብልቃጡ ተለይቶ። እኔን አንድ የግል ክሊኒክ ከታች ብቻ አይቶ "ኮላይትስ" ብሎ ሸኘኝ፣ ሪፖርቱ ላይ ካሜራው የት እንደደረሰ እንኳን አልተጻፈም፣ ሌላ ቦታ እንደ አዲስ ከፍዬ ነው የታየሁት።

እኛ አገር ከሁሉም የሚያስፈራው ቲቢ ነው። የአንጀት ቲቢ ክሮንስ የሚወደው ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ በካሜራም በባዮፕሲም (በናሙናው ምርመራ) ይመሳሰላሉ፣ ጂንኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ ምርመራ ኔጌቲቭ ቢመጣም ቲቢ የለም ማለት አይደለም። ቲቢ ላይ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክሙት ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ) ወይ ኢንፍሊክሲማብ ቢሰጥ ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። የአክስቴን ልጅ መጀመሪያ የቲቢ መድኃኒት አስጀምረው ከወራት በኋላ በካሜራ ደግመው አዩት፣ ቁስሉ እንዳለ ስለነበር ነው ክሮንስ ያሉት። እንዲህ ያለ ሀኪም ካገኛችሁ አትቀይሩት፣ በመጀመሪያው ቀን "ክሮንስ ነው" ብሎ ስቴሮይድ ከሚጽፈው ይሻላል።

ሪፖርቱ ላይ እ.ኤ.አ. የ2005ቱ የሞንትሪያል አመዳደብ (በሽታው የት ድረስ እንደያዘ የሚጻፍበት ኮድ) ይጻፍልኝ በሉ። ኮላይትስ ከሆነ ኢ1 ፊንጢጣ ላይ ብቻ፣ ኢ2 የግራው ጎን፣ ኢ3 ከዛ ያለፈ ነው። ይሄ ኪስ ይነካል እኮ! ኢ1 የሆነ ሰው በታች የሚገባ የሜሳላሚን ሰፖዚቶሪ ከኪኒኑ በተሻለ ይሰራለታል። ለክሮንስ ዕድሜው፣ ቦታው፣ ከዛ ደግሞ መጥበብ ወይ ፊስቱላ መኖሩ ይጻፋል።

መድኃኒት ከነማና ቀይ መስቀል ፋርማሲ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከሌለ ግሸን። ሰልፋሳላዚን ረከስ ይላል፣ ለኮላይትስ ይሰራል፣ ሰልፋ አለርጂ ያለበት አይነካውም፣ ፎሊክ አሲድ አብሮ ይወሰዳል፣ ልጅ ለመውለድ እየሞከራችሁ ያላችሁ ወንዶች ደግሞ ለሀኪሙ ንገሩት የስፐርም (የወንድ ዘር ሴል) ቁጥር ይቀንሳል፣ ሲቆም ግን ይመለሳል። ሜሳላሚን ለሆድም ለራስም ቀለል ይላል፣ አቅሙ ካላችሁ እሱን። ለክሮንስ ግን ሜሳላሚን እምብዛም ነው፣ የአክስቴ ልጅ አዛታዮፕሪን (የሰውነትን መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት) ላይ ነው፣ በየጊዜው የደምና የጉበት ምርመራ አለው። ፕሬድኒሶሎን የትም አለ፣ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያሽላል፣ ለዛ ነው ሰው ሱስ እስኪመስል የሚቆይበት፣ በሀኪም ትዕዛዝ ቀስ በቀስ ተቀንሶ ነው የሚቆመው። ከዲሲ ወይ ከዱባይ የምታስልኩ፣ ኢንፍሊክሲማብ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ነገር ነው በሻንጣ አይመጣም።

ፌጦ ልውሰድ ወይ ብለሽ የጠየቅሽኝ እህቴ፣ ከእናቶች ጋር አልከራከርም ግን ፌጦ የበሽታውን ዓይነት አይለይልሽም። "ኪንታሮት ነው" ተብሎ ባህል መድኃኒት ሊቀባ የነበረው ወንድም ደግሞ፣ ፊንጢጣ አጠገብ መግል የሚያወጣ ቀዳዳ ካለ ክሮንስ ሊሆን ስለሚችል ምንም ሳትቀባ ሰርጀንና ጂአይ ጋ ሂድ፣ ኤምአርአይ ሊያዙልህ ይችላሉ።

ከክፍለ ሀገር የምትመጡ የባዮፕሲውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ስላይዱንና ብሎኩን (ናሙናው ራሱ ያለበትን መስታወትና ሰም) ተቀብላችሁ ያዙ፣ እዚህ ሌላ ፓቶሎጂስት ደግሞ ያነበዋል።