የድሮ መኪና ማሳደስ ብክነት ነው ወይስ የባለቤቱ መብት? ክርክር ከለገጣፎ

ጥያቄውን ያነሣው ጎረቤት፦

ባለፈው እሑድ በዕድራችን ስብሰባ ላይ የውስጥ ለውስጥ መንገዳችን የኮብልስቶን መዋጮ ሲነሣ፣ አንድ አባል ጣቱን ወደ አንድ ጎረቤታችን ግቢ ቀስሮ፣ በሸራ ተሸፍነው የቆሙት ሦስት መኪኖች ቢሸጡ መንገዱን በሙሉ ያስነጥፋሉ ብሎ ተናገረ። ጎረቤታችን የድርሻቸውን መዋጮ ከማንም ቀድመው የከፈሉ ሰው ናቸው፤ ይሁን እንጂ በሥራ ዘመናቸው ያጠራቀሙትን ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩ አንድ ቮልስዋገን፣ አንድ ፊያት 600 እና አንድ መርሴዲስ በመግዛትና በማሳደስ ላይ እያዋሉት ነው። ስብሰባው በጭቅጭቅ ስለ ተበተነ፣ ረጋ ብለን በጽሑፍ እንድንነጋገርበት ጉዳዩን አቅርቤዋለሁ። ሰው ግዴታውን ከተወጣ በኋላ የቀረውን ገንዘብ ልቡ በወደደው ነገር ላይ ቢያውለው፣ ጎረቤት ሊወቅሰው ይገባልን?

መምህሩ፦

ይገባል ባይ ነኝ። ጋሼን አከብራቸዋለሁ፤ ልጆቼን እንደ ልጆቻቸው የሚያዩ ሰው ናቸው። ሆኖም ብሩ የግል ቢሆንም ዶላሩ የጋራ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን፣ ለታማሚ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የዞርን ሁሉ አንረሳውም። ከውጭ የሚመጣው የአሮጌ መኪና መለዋወጫ የሚገዛውም በዚሁ ምንዛሪ ነው። በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲያስታውቅ የሰጠው ምክንያትም ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ መክበዱ ነበር።

ይህ ፍቅር ደግሞ ገደብ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ብቻ ከተሠሩት የመርሴዲስ 300 ኤስኤልአር ኡህለንሃውት ኩፔ መኪኖች አንዱ በ2022 በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል። ለአዲስ አበባ ውኃ የሚያቀርበው የለገዳዲ ግድብ በአጠገባችን ሆኖ እኛ ጀሪካን ደርድረን ፈረቃ በምንጠብቅበት ሰፈር፣ ሦስት መኪና በሸራ ሸፍኖ ማስቀመጥ ቅር ያሰኘኛል።

የላሜራ ሠራተኛው፦

መምህር፣ ስለ ምንዛሪው የተናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን የጋሼን ቮልስ የሠራሁት እኔ ስለሆንሁ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ ልመሰክር እችላለሁ።

ምንጣፉን ስናነሣው ከሾፌሩ ወንበር ሥር ያለው ላሜራ በጣት ሲነካ እንደ ድርቆሽ ይፈረካከስ ነበር። ቀድሞ የነካው ሰው ዝገቱን ሳይቆርጥ በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ቀብቶበት ኖሯል። እኛ የበሰበሰውን በሙሉ ቆርጠን አወጣን፤ አዲሱን ላሜራ በእንጨት ላይ እያስደገፍን በመዶሻ ቀጥቅጠን የወለሉን ቅርጽ ካስያዝነው በኋላ፣ ብረቱ በሙቀት እንዳይጣመም አንዴ ከዚህ ጫፍ አንዴ ከዚያ ጫፍ ጥቂት በጥቂት እየነካን በየድነው። አንዱን የፊት ፓራፋንጎ ብቻ ለማቃናት ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብናል። አብረውኝ ከሠሩት ሁለት ወጣቶች አንደኛው ሲመጣ የሚያውቀው ስቱኮ መለጠፍ ብቻ ነበር፤ ዛሬ እኔ ሳልቆምበት ላሜራ ቀጥቅጦ ቅርጽ ያወጣል። ይህንን ሥራ የሚያስተምር አሮጌ መኪና ካልመጣ፣ በግጭት የተጎዳ መኪና ሁሉ አዲስ አካል ከውጭ እየተገዛለት ሊጠገን ነው፤ ያ ደግሞ መምህር የሚሠጉለትን ዶላር የባሰ ይበላል። ጋሼ ካወጡት ገንዘብ አብዛኛው በእኔ፣ በቶርኖ ቤቱ፣ በወንበር ሰፊውና በቀለም ቀቢው እጅ አልፎ እዚሁ ቀርቷል።

ከ135 ሚሊዮን ዩሮው መኪና ጋር ማነጻጸሩም አልተመቸኝም። የዚያ ሽያጭ ገቢ ለወጣቶች የትምህርት ድጋፍ የሚሰጥ ፈንድ ማቋቋሚያ እንደሚውል ኩባንያው አስታውቋል። የጋሼ ቮልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተ፣ በከተማችን መምህሩም ነርሱም የነዳው መኪና ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለፈበትን ዓይነት መኪና ለብረት ገዢ መስጠት ለእኔ ከብክነት ይቆጠራል።

የሦስት ልጆች እናት፦

እናንተ ስለ አገር ትከራከራላችሁ፤ እኔ ስለ ቤት ልናገር። ባለቤቴ ከሰባት ዓመት በፊት አሮጌ ፔጆ ገዝቶ፣ ለትልቋ ልጃችን ትምህርት ያሰብነውን የእቁብ ገንዘብ ለሞተሩ ማሠሪያ ማዋሉን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ልጃችን በዚያ ዓመት ከጓደኞቿ ተለይታ ትምህርት ቤት ቀየረች። መኪናውን አልጠላሁትም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ሲያጥበው ፊቱ ላይ የማየውን ደስታ በሌላ ነገር አላየሁበትም። ሳልጠየቅ መቅረቴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ጋሼ ከእትዬ ጋር ተማክረው ከሆነ ዕድሩን አያገባውም፤ ካልተማከሩ ግን ከጎረቤት በፊት መናገር የሚገባት እትዬ ናት።

መምህሩ፦

ወንድሜ፣ ስለ እጅ ሥራው የጻፍኸውን ካነበብሁ በኋላ በቮልሱ ላይ የነበረኝን ነቀፋ አንሥቻለሁ። «ይሸጡ» ያለው ሰውም ስሕተት ሠርቷል፤ ጎረቤት ቅሬታውን ይናገር ይሆናል እንጂ የሰው ንብረት ላይ ዋጋ አይተምንም። ይሁን እንጂ አንዱን አድሶ መንዳትና ሦስት መሰብሰብ በእኔ ዘንድ አንድ አይደሉም። መርሴዲሱ ሁለት ክረምት እዚያው ቆሞ አልፎታል፤ ማንም አልተማረበትም፣ ማንም አልነዳውም።

የላሜራ ሠራተኛው፦

መርሴዲሱ የቆየው እኔ ሥራ ስለበዛብኝ ነው፤ ጥፋቱን በጋሼ ላይ አታድርጉት። ባለፈው ሳምንት የሥራውን ዋጋ ጠይቀውኛል። የእኅቴን ጽሑፍ ካነበብሁ ወዲህ ግን ዋጋውን ለእሳቸው ብቻ መንገር ከበደኝ፤ እትዬም ባሉበት እንድንነጋገር ጠይቄአቸው፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ እንድመጣ ቀጥረውኛል።