ጎንደር ውስጥ ውሻና ድመት ላላችሁ፦ የት ይከተብ፣ ምን ይገዛ?

ውሻው ከግቢ እየወጣ ለሚያስቸግራችሁ፣ ድመቷ በጣራ በጣራ ሰፈር ለምትዞርባችሁ የኔ ጥቆማ ይኸው።

ብር ካጠረ ሌላው ይቆይና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይቅደም። በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ ለእንስሳም ለሰውም መዳኛ የለውም። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፣ በዓመቱ ይደገምለታል። ድመትም መከተብ አለባት፤ ይሄን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

የት ለሚለው እኔ የማስቀድመው የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የእንስሳት ክሊኒክ ነው። የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምሩ ሰዎች ያሉበት ቦታ ስለሆነ፣ ከክትባቱ ጋር ጆሮውንም ጥርሱንም አሳዩ። የመንግሥት ክሊኒኮች ዋና ሥራቸው ከብት፣ በግና አህያ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት የውሻ ክትባት መኖሩን ጠይቁ። ቤት ድረስ የሚመጣ ባለሙያ ባጃጅ ውስጥ አልገባም ለሚል ኃይለኛ ውሻ ግልግል ነው። ግን ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በረዶ ካለው ሳጥን ሳይሆን ከጃኬት ኪሱ የሚያወጣ ከሆነ አመስግናችሁ ሸኙት። ብልቃጡን ተቀብላችሁ የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ፣ ካርድ ላይም ያስፍርላችሁ።

ለመዥገርና ለቁንጫ ዲያዚኖን በጥብጦ ማጠብ የተለመደ ነው። እባካችሁ ተዉት! ለከብትና ለበግ የሚሸጥ መርዝ ነው። ድመት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጸጉሯን ስለምትልስ በቀጥታ ሆዷ ይገባል፤ ለሃጯ ይዝረከረካል፣ ትንቀጠቀጣለች። ለውሻ የተገዛ ጠብታም ለድመት አይሁን፤ ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ መርዝ ያለበት ጠብታ ድመትን ይገድላል። መዥገሩ ጥቂት ከሆነ ወረንጦ ይበቃል። ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ጋዝ አትቀቡት።

የአንገት ማሰሪያ ከሆነ ሰንሰለቱን ተዉትና ጫማ ሰፊ ጋ ሰፋ ያለ የቆዳ ማሰሪያ አሠሩ። ሰንሰለት በክረምት ዝጎ አንገት ይልጣል። ሁለት ጣት ካስገባ ልኩ ነው። ስልካችሁን ከላዩ ጻፉ፤ ማሰሪያ የሌለውን ውሻ ሰው ሁሉ ባለቤት አልባ አድርጎ ነው የሚያየው። ማሰሪያ ግን ከተመረዘ ሥጋ አያድንም። ባለቤት አልባ ውሾችን የማስወገድ ዘመቻ አለ ሲባል በሩን ዝጉ።

ማታ ማታ ደግሞ ጅብ አለ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን የበሩን ሥር ዛሬውኑ እዩት። ቡችላ የሚሾልክበት ክፍተት ካለ በያጅ ጠርታችሁ ላሜራ አስበይዱበት። ድንጋይ መደርደር ርካሽ ነው፣ ግን ውሻው ራሱ ቆፍሮ ያነሳዋል። ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ አይቆጭም።

የአይጥ መርዝ በላ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ወተት እያጠጣችሁ ጊዜ አትግደሉ። ወተት ማርከሻ አይደለም። አንዳንዱ የአይጥ መርዝ የሚያደማው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ደህና መስሎ ቢታይም ውሰዱት፤ የመርዙን መጠቅለያ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ውሻው የተከተበ ቢሆንም።

በአዘዞና በማራኪ በኩል ቤት ለቤት የሚከትብ፣ በረዶ ሳጥን የሚይዝ ባለሙያ የምታውቁ ጨምሩበት።