አባባ ባሉበት ሳሎን የሚታይ የስለላ ፊልም ጠቁሙኝ

የኮዬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነን። የባለቤቴ አባት ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከአሰላ መጥተው እኛ ጋ ናቸው። ደረጃው ስለሚከብዳቸው ቀጠሮ ካልኖራቸው አይወርዱም፤ ቀኑን ሙሉ ሳሎን፣ ቴሌቪዥን ፊት። ዜናው ሲደጋገምባቸው «ምነው አንድ የሰላይ ፊልም እንኳ የላችሁም?» ይላሉ። በወጣትነታቸው መርካቶ ሲሠሩ ሲኒማ ራስ እየገቡ ጄምስ ቦንድ አይተዋል። ሾን ኮነሪን እስካሁን እንደ ሰፈራቸው ልጅ «ኮነሪ» ነው የሚሉት፤ ከሱ በኋላ የመጡትን ቦንዶች ስማቸውን መስማትም አይፈልጉም።

ችግሬ ይኸውላችሁ። አባባ እንግሊዝኛው ብዙም አይገባቸውም፤ ከሥር የሚጻፈውን ለማንበብም ይቸኩልባቸዋል። የ12 ዓመት ልጃችን አብራን ታያለች። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ «ምርጥ የስለላ ፊልም» ብሎ የከፈተው ሩብ ሰዓት ሳይሞላው አልጋ ላይ ወጣ። እሱ ሪሞት ፍለጋ ሶፋውን ሲገለብጥ፣ እኔ «ቡና ላፍላ» ብዬ ስነሳ፣ አባባ ቀና ብለው ጣሪያውን እያዩ «ይሄ ኮርኒስ ሳይሰነጠቅ አልቀረም» አሉ።

እንዲህ የማያሳቅቅ፣ ግን የምር የሚይዝ ነገር ካላችሁ ጠቁሙኝ። ሌላው ደግሞ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ሰው ቤቱ ሲገባ ያ ክብ ነገር መሽከርከር ይጀምራል። የምንጠቀመው ከስልክ በሆትስፖት ነው። መላ በሉኝ።

ናቲ ሰሚት፦
እህቴ አትጨነቂ፣ ሚሽን ኢምፖሲብልን ከመጀመሪያው ጀምሪላቸው። ስምንት ፊልም ነው፣ እስከሚሄዱ ይበቃቸዋል። ወሬ የለ፣ ሩጫ ብቻ። ለሩጫ ሰብታይትል ማን ይፈልጋል 😄

ጋሽ ካሴት፦
የኮዬዋ ልጄ፣ ለአባባ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ጎረቤትሽ ነኝ፣ አቃቂ። ዲቪዲ ሳይመጣ በፊት እዚሁ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። አንድ ዴክ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ፣ የቀረው አግዳሚ ነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጬ በአማርኛ እተርክላቸው ነበር። እንግሊዝኛዬ የስምንተኛ ክፍል ነው፤ የጎደለውን ከራሴ እሞላለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ የሐያሲ ነገር አይደለም። ሰውን አግዳሚ ላይ የሚያቆየውንና የሚያስነሳውን ነው የማውቀው።

ካራቴ ፊልም ተራኪ አይፈልግም። አክተሩና ቦሱ ከተለዩ በቃ፣ ቤቱ በራሱ ይጮኻል። የስለላ ፊልም ግን ጉድ ነው፤ አክተር ያልሽው ቦስ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰው እንዲህ ዓይነት ፊልም ጥሎ የሚወጣው ስለዘገየበት አይደለም። ማን ከማን ጋር እንደሆነ ሲጠፋበት ነው። አንዴ ከጠፋበት ሽጉጥ ብትተኩሺለትም አይመለስም። ናቲ፣ አንተም ብትሆን የመጀመሪያውን ሚሽን ኢምፖሲብል ረስተኸዋል፤ የ1996ቱ ወሬው ብዙ ነው፣ ማን ማንን እንደከዳ እስኪገባኝ እኔም ሁለቴ ነው ያየሁት። እርግጥ ያ በገመድ ከጣሪያ ወርዶ ኮምፒውተሩን የሚዘርፍበት ቦታ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፤ እሱን አባባም ይወዱታል።

ኮነሪን ከወደዱ መጀመሪያ «ዘ ሀንት ፎር ሬድ ኦክቶበር»ን ፈልጊላቸው፣ እ.ኤ.አ. 1990 የወጣውን። ኮነሪ እዚያ ቦንድ አይደለም፤ ነጭ ጢም ያለው የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ነው። ድምፅ የማያሰማ አዲስ መርከብ ይዞ ይሰወራል። የገዛ አገሩ ያሳድደዋል፣ አሜሪካኖቹ ደግሞ ሊመታን ነው ወይስ ሊከዳ ነው እያሉ ይጨነቃሉ። ለተራኪ እንዲህ ያለ ፊልም ሎተሪ ነው፤ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፣ እሱን ከነገርሽ ቀሪውን ፊታቸው ላይ ያነቡታል። መርከቡ ውስጥ ወንድ ብቻ ነው ያለው፣ ኮርኒስ የሚያሳይ ነገር አይመጣብሽም። መጀመሪያ ላይ በሩሲያኛ ያወሩና ካሜራው አንዱ ሰውዬ አፍ ላይ ተጠግቶ ሳለ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ፤ አባባ «ምነው ቋንቋው ተቀየረ?» ካሉሽ ጆሯቸው ደህና ነው ማለት ነው።

ቀጥለሽ «ብሪጅ ኦፍ ስፓይስ»፣ የ2015፣ የስፒልበርግ። ታሪኩ የሆነ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ በ1957 የተያዘ ሩዶልፍ አቤል የሚባል የሶቪየት ሰላይ አለ። ማንም ሊከራከርለት ያልፈለገውን ይህን ሰው አንድ ጠበቃ ይይዘዋል፤ ቶም ሃንክስ ነው። ከዚያ በ1960 ዩ-2 የሚባለው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ሶቪየት ላይ ተመቶ ይወድቃል፣ አብራሪው ይማረካል። ያው ልውውጥ ይመጣል፤ የካቲት 1962 በርሊን ዳር ግሊኒከ ድልድይ ላይ። ሰላዩን የሠራው ማርክ ራይላንስ በዚህ ፊልም ኦስካር ወስዷል፣ ይገባዋልም፤ ሰውየው ምንም ሳያደርግ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ዓይንሽን አትነቅዪም። ሁለት ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነው፣ ግን መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል፤ ግማሹ ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ነው፣ ግማሹ በርሊን። ጠበቃው ወደ በርሊን ሲነሳ ፖዝ አድርጊና ቡናሽን አፍዪ። ለልጅቷ አንድ ነገር አለ፤ የበርሊንን ግንብ ሊሻገሩ ሲሉ በጥይት የሚመቱ ሰዎች ይታያሉ፣ ለአፍታ ነው፣ ግን ቀድመሽ ንገሪያት።

አተራረኩ ላይ ደግሞ አንድ ምክር። ንግግሩን ቃል በቃል ልተርጉም አትበይ፣ ትደክሚያለሽ፣ እሳቸውም ድምፅሽንና የሰውየውን ድምፅ ሲያጋጩ ሁለቱም ያመልጧቸዋል። አዲስ ሰው ሲመጣ «ይሄ የእነዚያ ነው»፣ ቦታ ሲቀየር «አሁን ሞስኮ ነን» ካልሽ ሌላውን ራሳቸው ይደርሱበታል። ሰው ሲያለቅስና ሲያስፈራራ ደግሞ ዝም በይ። እኔ ይህን ለመልመድ ስንት አግዳሚ ባዶ አድርጌያለሁ!

እሳቸው ሲተኙ ለአንቺና ለባለቤትሽ፦ «ዘ ላይቭስ ኦፍ አዘርስ»፣ የ2006 የጀርመን ፊልም። ምሥራቅ በርሊን፣ 1984፤ እዚህ ኢሠፓ የተመሠረተበት ዓመት። አንድ የሽታዚ፣ ማለት የምሥራቅ ጀርመን ደኅንነት፣ መኮንን ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ የአንድ ጸሐፌ ተውኔትን ቤት ሌት ተቀን ያዳምጣል። የደርግ ደኅንነት ከእነዚሁ ሰዎች ሥልጠና ያገኝ ነበርና፣ በዚያ ዘመን ሬዲዮ ከፍ አድርጎ ሹክ ያለ ሰው ፊልሙን በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማው። አልጋ አለበት፣ ሳሎን ውስጥ አይሆንም። «ቲንከር ቴይለር ሶልጀር ስፓይ» የ2011ን ግን ለመጨረሻ አቆዩት። ጌሪ ኦልድማን ጡረታ ወጥቶ የተጠራ የእንግሊዝ ሰላይ ነው፣ ከአለቆቹ መሃል የሶቪየት ሰው የሆነውን ይፈልጋል። ድርሰቱ የጆን ለ ካሬ ነው፣ እሱ ራሱ እዚያ መሥሪያ ቤት የሠራ። ፊልሙ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይመላለሳል፣ ሳይነግርሽ። መነጽሩን እዪ፤ መጀመሪያ አካባቢ አዲስ መነጽር ያሠራል፣ አሮጌውን ካደረገ ያለፈው ጊዜ ነው። ይህን ሳላውቅ ብተርከው ኖሮ ቪዲዮ ቤቴ ያኔውኑ ይዘጋ ነበር።

ኤደን ገላን፦
ጋሼ፣ አተራረኩን ወድጄዋለሁ፤ ግን ስለ እኛው ሰው የተሠራውን የስለላ ፊልም እንዴት ዘለሉት? «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ኔትፍሊክስ ላይ አለ፣ 2019። የእስራኤሉ የስለላ ድርጅት ሞሳድ ሱዳን ቀይ ባሕር ዳር አሩስ የሚባል የተተወ የመዝናኛ ቦታ ተከራይቶ፣ ቀን ቱሪስት እያስተናገደ፣ ሌሊት ቤተ እስራኤላውያንን በባሕር ያሸሸበት ታሪክ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በእውነት የሆነ ነው።

ጋሽ ካሴት፦
አይቼዋለሁ ልጄ፣ ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት። ታሪኩ ትልቅ ነው፣ ፊልሙ ግን አልቻለውም። ከጎንደርና ከትግራይ በእግሩ በረሃ አቋርጦ፣ በየመንገዱ ሰው ቀብሮ ሱዳን የገባው ሕዝብ ከኋላ ተሰልፎ ይታያል፤ ክሪስ ኢቫንስ ደግሞ መሃል ላይ ቆሞ ጡንቻውን ያሳየናል። ከበደ የሚባለው ሰው የተቀዳው ከፈረደ አክሉም ነው ይባላል፤ አስተማሪ የነበረ፣ መንገዱን ከከፈቱት አንዱ። እሱ ነበር አክተሩ መሆን ያለበት! ደግሞ የተቀረጸው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው። አባባ የሰውን ፊት አይተው «ይሄ ጎንደሬ ነው?» ማለታቸው አይቀርም፣ ያኔ ምን ልትመልሺ ነው? የሚያሳቅቅ ቦታም አለው።

ኤደን ገላን፦
በዚህስ እስማማለሁ፣ እኔም ግማሹ ላይ ነው የተናደድኩት። እንግዲያው የኮዬዋ፣ በዚያው ጉዳይ የተሻለ ልንገርሽ። የራዱ ሚሃይሊያኑ የ2005 ፊልም፣ በእንግሊዝኛ «ሊቭ ኤንድ ቢካም» ይሉታል። በ1984ቱ የሙሴ ዘመቻ፣ ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ አንዲት ክርስቲያን እናት ልጇን ከሱዳን መጠለያ ለማትረፍ ቤተ እስራኤል ነው ብላ ትልከዋለች። ስለላ አይደለም፣ ግን ልጁ ዕድሜውን ሙሉ በሌላ ሰው ስም ነው የሚኖረው፤ ከሰላይ በምን ይለያል? ትልቅ ሲሆን የሚሠራው ሲራክ ሳባሃት ራሱ ኢትዮጵያዊ እስራኤላዊ ነው፣ አማርኛም ይሰማበታል። አባባ ያለ ተራኪ የሚሰሙት ቦታ ያገኛሉ ማለት ነው። መሐረብ አዘጋጂ።

ሌላ፣ የህንድ ፊልም ይወዳሉ? «ራዚ» የ2018ን እዩ። በ1971 የህንድና የፓኪስታን ጦርነት ዋዜማ አንዲት የካሽሚር ተማሪ ለስለላ ሲባል የፓኪስታን ከፍተኛ የጦር መኮንን ቤት ትዳራለች። አማቷ ቤት ቁጭ ብላ፣ አማቷን ነው የምትሰልለው 😂 ከአማትሽ ጋር ስታዪው ፊትሽን ማየት እፈልጋለሁ። አሊያ ባት ናት፣ ንጹሕ ፊልም ነው፣ ግን ሰው ይገደልበታል።

ሚኪ ቱሉ ዲምቱ፦
ፊልሙን ተዋችሁላት፣ ኔትወርኩን ማን ይንገራት? የኮዬዋ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቀጥታ ለማየት አትታገዪ፤ እዚህም ያው ነው። ሌሊት አስር ሰዓት ወይም ጠዋት ሰው ሥራ ሲሄድ ስልክሽ ላይ አውርጂው። ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚለው በመካከለኛ ጥራት በሰዓት 0.7 ጊጋ አካባቢ ይበላል፣ በኤችዲ እስከ 3 ጊጋ ይደርሳል። ስለዚህ ያ የድልድዩ ፊልም በመካከለኛ 1.7 ጊጋ ገደማ ነው፣ በኤችዲ ካየሽው ግን ወደ 7 ሊሄድ ይችላል። የጥራት ምርጫውን አፑ ውስጥ ሳታስተካክዪ ከተኛሽ ፓኬጅሽ ሲነጋ የለም።

ሁለት ነገር ልብ በይ። ያወረድሽው ለዘላለም አይቀመጥም፤ አንዳንዱ ፊልም ማየት ከጀመርሽበት በ48 ሰዓት ይዘጋል። ስለዚህ ለቅዳሜ ያወረድሽውን «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብለሽ ሐሙስ አትክፈቺው። ደግሞ የፊልሙ ዝርዝር እንደየአገሩ ይለያያል፣ በየጊዜውም ይቀየራል፤ ጋሼና ኤደን የነገሩሽን ሁሉ አንድ ቦታ አታገኚውም። ስሙን ፈልገሽ የት እንዳለ ሳታረጋግጪ ለአዲስ አገልግሎት ገንዘብ አትክፈዪ።

የኮዬዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! ጋሼ፣ ለአባባ «ኮነሪ ሽማግሌ ሆኖ የሩሲያ መርከብ የሚሰርቅበት አለ» ስላቸው ከሶፋው ተነስተው ተቀመጡ፤ «እሱ ሩሲያ ምን አባቱ ይሠራል?» አሉ። በሱ እንጀምራለን። ተራኪዋ ልጄ እንድትሆን ወስነናል፣ እንግሊዝኛዋ ከኔ ይሻላል፤ የጋሼን ምክር አንብቤላታለሁ። ራዚን ለባለቤቴ ነገርኩት፣ «እሱን አንቺና አባባ ብቻችሁን እዩት» ብሎ ሳቀ።

ሚኪ፣ አንድ ጥያቄ፦ ስልክ ላይ ያወረድኩትን ቴሌቪዥኑ ላይ እንዴት ላሳያቸው? ኤችዲኤምአይ ገመድ ገዝቼ ልሰካ?

ሚኪ ቱሉ ዲምቱ፦
ቆይ፣ አትግዢ! ስልክ ሁሉ ምስል በገመድ አያወጣም፤ ቻርጅ የሚደረግበት ቀዳዳ ተመሳሳይ መሆኑ አያታልልሽ። የስልክሽን ሞዴል ጻፊልኝና ልይልሽ። ካልሆነ ግን ሱቁ ስልክሽን ይዘሽ ሂጂና እዚያው ቴሌቪዥን ላይ ሰክተው፣ የወረደ ፊልም ከፍተው ያሳዩሽ። የስልኩ ገጽ ታይቶ ፊልሙ ጥቁር ከሆነ ገንዘብሽን ይዘሽ ውጪ።

ናቲ ሰሚት፦
እኔ አሁንም ሚሽን ኢምፖሲብል እላለሁ። ሦስተኛውን።