የድሮ የጣሪያ ቬንቲሌተር በትንሽ ገንዘብ እንዴት ይታደሳል? (ባቲ)

የባቲዋ
አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን። ባቲ ሻይ ቤት አለን። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ችፑድ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.70 ሜትር። የተሰቀለው ባለ ሦስት የብረት ክንፍ፣ 56 ኢንች የድሮ ቬንቲሌተር ነው። መጨረሻው ቁጥር ላይ ሆኖም ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። አንዳንዴ ሲበራ እያጉረመረመ ይቆምና በመጥረጊያ እንጨት ገፋ ሲያደርጉት ይነሳል። ሲፈጥን ደግሞ ይወዛወዛል። ግድግዳው ላይ ያለው ትልቁ የፍጥነት መቀያየሪያ ሳጥን በጣም ይግላል። ክንፎቹ ዝገዋል፣ ቢጫ ሆነዋል። ሰኞ የገበያ ቀን ቤቱ ጢም ብሎ እንኳ ከሥሩ የሚቀመጥ የለም፤ ይወድቅብናል ብለው ይፈራሉ። አዲስ ለመግዛት አቅሙ የለንም። ከየት ልጀምር? ቀለም ይቀባ ወይስ ሞተሩ ይጠቅለል?

ቦርከና
ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ሞተር ለማስጠቅለል አትቸኩይ። ሲገፋ የሚነሳ፣ ከተነሳም በኋላ የሚለግም ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካፓሲተሩ ነው። የመነሻው ጥቅልል (ሞተሩን የሚያስነሳው የመዳብ ሽቦ) ተቆርጦም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ ካፓሲተሩ ግን ርካሹ ዕቃ ስለሆነ ከእሱ ይጀመራል። ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ያለ እሱ መነሻ ጉልበት የለውም። ዕድሜ ሲጫነው አቅሙ ይወርዳል፣ የሞተሩም ጉልበት አብሮ ይወርዳል።

ከመንካትሽ በፊት ብሬከሩን አውርጂ። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ በድሮ መስመር ማጥፊያው ፌዙን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ) ትቶ ኒውትራሉን (መመለሻውን) የሚቆርጥበት ቤት አለ፣ ያኔ ቬንቲሌተሩ ቆሞም ፌዝ አለበት። በቴስተር አረጋግጪ። ካፓሲተሩ ከዘንጉ ጋር ባለው ሳህን ውስጥ ያለ ትንሽ ሳጥን ወይም ቆርኪ መሳይ ዕቃ ነው። ሁለቱን ጫፎች እጀታው በተሸፈነ ካቻቢቴ አገናኝተሽ የቀረውን ቻርጅ አስወጪለት። ላዩ ላይ ብዙውን ጊዜ 2.5 ማይክሮፋራድ፣ 400 ወይም 440 ቮልት ይላል። ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ አልቋል። ደህና ከመሰለ ማይክሮፋራድ በሚለካ መልቲሜትር ይታይ፤ 2.5 የሚለው ከ2.2 በታች ካነበበ ይቀየር።

ሌላው ቮልቴጅ ነው። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ መስመሩ ይደክማል። የዚህ ሞተር ጉልበት የሚወርደው ከቮልቴጁ በበለጠ ነው፤ 220 የነበረው 180 ቢሆን ከጉልበቱ የሚቀረው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው። ስለዚህ ጠዋትም ማታም ይለካ። ጠዋት በሙሉ 220 እየለገመ ከሆነ ጥፋቱ የመስመሩ አይደለም።

የሚግለው ሳጥን ውስጡ የሬዚስታንስ ሽቦ ነው፤ ፍጥነት የሚቀንሰው የተረፈውን ኃይል ወደ ሙቀት እየቀየረ ስለሆነ መጋሉ የአሠራሩ ነው። ሽታ ካለው ወይም ግድግዳውን ካጠቆረው ግን አውጪው። በምትኩ በማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን ልክ የሚገባውን፣ በካፓሲተር የሚሠራውን ባለ ደረጃ መቀያየሪያ አስገቢ። እሱ አይግልም፣ ዋጋውም አይከብድም። የሚገባው በፌዙ መስመር ላይ ነው። የአምፖል ብርሃን መቀነሻ ግን እንዳትገዢ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ይሞቃል።

ሞራሌ (ወልድያ)
ካፓሲተሩ ይቆይ። ሰዎቹ መፍራታቸው ልክ ነው፣ የመጀመሪያው ብርም መውጣት ያለበት ለመስቀያው ነው። ቬንቲሌተሩ ራሱ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ቢሆን ነው። መስቀያውን የሚነቅለው ክብደቱ ሳይሆን ለዓመታት የሚነቀንቀው ንዝረት ነው። ችፑድ ምንም አይሸከምም፤ ኮርኒሱ የተመታበት ቀጭን እንጨትም እንደዚያው።

አንድ ሰው ኮርኒሱ ላይ ወጥቶ (ሞራሌውን እየረገጠ እንጂ ችፑዱን አይደለም) መንጠቆው ምን እንደያዘ ይይ። በምስማር የተመታ ከሆነ ዛሬውኑ ይውረድ። ምስማር በንዝረት በጥቂት በጥቂቱ ወደ ታች ይወጣል፤ ራሱ ከእንጨቱ ትንሽ ተነጥሎ ዙሪያው የሚያብረቀርቅ ፍግታ ካለበት ጉዞ ጀምሯል ማለት ነው። የሚደረገው እንዲህ ነው፦ 5 በ7 ሞራሌ በሁለቱ የጣሪያ አግዳሚዎች ላይ ተጋድሞ፣ በ7 ሴንቲ ሜትሩ በኩል ቆሞ፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ዘልቆ በሚወጣ ብሎን ይታሰር። መሀሉ በመሰርሰሪያ ተበስቶ ከታች መንጠቆ የሆነ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብረት ወደ ላይ ይለፍ። ከላይ ሰፊ ሮንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ፣ ከዚያ ሌላ ዳዶ ይጥበቅበት። ሁለተኛው ዳዶ የመጀመሪያውን ስለሚቆልፈው ንዝረት አይፈታውም።

አግዳሚዎቹ ባሕር ዛፍ ከሆኑና ርጥብ ሳሉ ከተሠራባቸው፣ ሲደርቁ ይሸሻሉ፣ ብሎኑም ይላላል። ከጥቂት ወር በኋላ እንደገና ይጥበቅ። በዚህ ላይ 3 ሚሊ ሜትር የብረት ገመድ በሞራሌው ላይ ዞሮ፣ በዘንጉ የላይኛው ብሎን ውስጥ አልፎ በሁለት ማሰሪያ ይታሰር። መንጠቆው ቢከዳ ቬንቲሌተሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሰው ላይ አይወድቅም።

መንጠቆው ላይ የሚገባውን ጎማ እዩት። ከተበላ ብረት በብረት ይፋጫል፤ ከዘንጉ የሚመጣው ጩኸትም የእሱ ነው። በጎማው ውስጥ ያለፈው ብሎን ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካው ስንጥቅ ሽቦ መኖሩም ይታይ፤ ያለ እሱ አይሰቀል። ክንፉ ከኮርኒሱ 30 ሴንቲ ሜትር ይውረድ፤ በጣም ከተጠጋ ከላይ የሚስበው አየር ያንሰዋል። በእናንተ ቤት ከወለሉ 2.40 ይቀራል፣ ለሰው በቂ ነው።

ጦሳ_ጥቅለላ (ደሴ)
ካፓሲተሩን በተመለከተ ቦርከና ያለው ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሱቅ ላይ «3.5 አስገቢበት፣ ይፈጥንልሻል» የሚል ይኖራል። አትስሚ። በ2.5 የተሠራ ሞተር ላይ 3.5 ሲገባ በመነሻው ጥቅልል የሚያልፈው ከረንት ይጨምራል፣ ጥቅልሉም ሲሞቅ ከርሞ ቫርኒሹን ያቃጥላል። ያኔ እውነትም ጥቅለላ ያስፈልገዋል። በድሮው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ግዢ።

ቀጥሎ ኩሽኔታ፣ ማለትም ሞተሩ የሚዞርባቸው ሁለት ባለ ኳስ ቀለበቶች። መብራቱ ጠፍቶ ክንፉን በእጅ አዙሪው። ለስላሳ ሆኖ ብዙ ዞሮ ከቆመ ደህና ነው። አሸዋ የሚፈጭ ከመሰለ ወይም ሞተሩ ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ ሁለቱም ይቀየሩ፤ አንዱን ብቻ መቀየር ድጋሚ መክፈት ነው። ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ 6202 (ውስጡ 15፣ ውጩ 35፣ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር) ወይም 6201 (12፣ 32፣ 10) ነው። ለባቲ አቧራ ሁለት ጎኑ በጎማ የተዘጋውን ውሰጂ። ግራሶ ከውጭ መለቅለቅ አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም።

ሞተሩ ሲከፈት ሁለቱ ክዳኖች ላይ አንድ መስመር ይሰመር፤ ሲገጠሙ በዚያው ካልተመለሱ ይፈግጋሉ። ብሎኖቹ ከተፈቱ በኋላ ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ነው የሚለያዩት፤ ካቻቢቴ አስገብቶ መፈልቀቅ የመዳብ ሽቦውን ይቧጭራል፣ አንድ ጭረት ደግሞ ሙሉ ጥቅልል ያስወጣል። አዲሱ ኩሽኔታ ዘንግ ላይ ሲገባ የውስጠኛው ቀለበት፣ ክዳን ውስጥ ሲገባ የውጭኛው ቀለበት ነው የሚመታው። በተሳሳተው ቀለበት ከተመታ ኳሶቹ ጠባሳ ይይዛሉ፣ ገና አዲስ ሳለ ይጮኻል።

ፋጡማ_ቀለም (ከሚሴ)
የውዝዋዜው ነገር ተረሳ። የክንፉን የላይኛውን ጎን እዪው፤ አየሩን የሚቀድመው ጠርዝ ላይ አቧራና የከሰል ጥላሸት ከቅባት ጋር ተጋግሮ ጣት የሚያህል ጠርዝ ሠርቶ ይሆናል። ይህ በሦስቱ ላይ እኩል አይጋገርም። ክንፎቹን ከማውረድሽ በፊት 1፣ 2፣ 3 ብለሽ ከነመያዣቸው ምልክት አድርጊባቸው። በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠቢ፤ እንዳይጣመሙ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተሽ።

ቀለሙ ርካሽ ነው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ዝገቱ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በለስላሳው ይፈተግ፤ በአኳራጅ በተነከረ ጨርቅ ይጠረግ፤ ፀረ ዝገት አንድ ጊዜ፣ የዘይት ቀለም በስሱ ሁለት ጊዜ። ሦስቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ብሩሽ፣ እኩል እጅ ይቀቡ። ወፍራም ቀለም ሲንጠባጠብ ጫፍ ላይ ይከማቻል፣ ጫፍ ላይ ያለ ትንሽ ክብደት ደግሞ ከመሀሉ የበለጠ ያወዛውዛል። ሲደርቁ ትንሽ የሚለይ ሚዛን ላይ አስቀምጫቸው። የሞተሩን አየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች በቀለም አትድፈኚ። ከሌላ ቬንቲሌተር የተገኘ ክንፍም አትቀላቅይ።

ከተገጠመ በኋላ ኮርኒሱ ላይ አንድ ነጥብ ምረጪ፤ እያንዳንዱን ክንፍ በእጅ ወደዚያ ነጥብ እያመጣሽ ከጫፉ እስከ ኮርኒሱ ለኪ። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ መያዣው ተጣሟል፤ በሁለት እጅ ቀስ ብለሽ መልሺው። የክንፍ ጫፍ ከክንፍ ጫፍ ያለው ርቀትም በሦስቱም በኩል እኩል መሆን አለበት። ሁሉም ልክ ሆኖ አሁንም ከተወዛወዘ ሳንቲም በናስትሮ ከአንዱ ክንፍ ላይኛው ጎን መሀል ላይ ለጥፈሽ ሞክሪ፣ ከዚያ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው። የተሻለው ክንፍ ላይ ወደ ጫፍና ወደ ውስጥ እያንቀሳቀስሽ ቦታውን ስታገኚ በጠንካራ ማጣበቂያ አስቀሪው።

አዲስ_ይሻላል
ይህ ሁሉ ድካም ከሚሆን ቢኤልዲሲ የሚባለውን፣ ሞተሩ በኤሌክትሮኒክ ሰርኪት የሚነዳውን አዲሱን ዓይነት መግዛት አይሻልም? 75 ዋት የሚበላውን ይሄ በ30 ይሠራል።

ቦርከና
ቁጥሩ ልክ ነው። በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በወር የሚተርፈው 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህንን በራሳችሁ ቢል ላይ ባለው ታሪፍ አባዙትና ከዋጋው ጋር አስተያዩት። አቅም የሌለውን ሰው ግዢ ማለት ግን መፍትሔ አይሆንም። አንድ ቀን ከተገዛም የግድግዳው መቀያየሪያ ይውጣ፤ ቢኤልዲሲ በእሱ በኩል ሲያልፍ ሰርኪቱ ሊበላሽ ይችላል። የሞራሌው መስቀያ ግን ለዚያም ያገለግላል።

የባቲዋ
አላህ ያበርታችሁ። ታናሽ ወንድሜ ወጥቶ አየው፣ መንጠቆው በምስማር ነው፤ አውርደነዋል። ሲያወርድ ግን ከሞተሩ የሚወጡት ሦስት ሽቦዎች ከካፓሲተሩ ተነቀሉ፣ ቀለማቸውም ጠፍቷል። የትኛው ወዴት ነው?

ጦሳ_ጥቅለላ (ደሴ)
በመልቲሜትር ኦም ላይ ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ለኩ፣ ሦስት ንባብ ይወጣል። ትልቁ የሁለቱ ትንንሾች ድምር ይሆናል። ትልቁን ንባብ የሰጡት ሁለቱ የሥራውና የመነሻው ጫፎች ናቸው፤ የቀረው ሦስተኛው የጋራ ነው፣ ኒውትራል እሱ ላይ ይገባል። ካፓሲተሩ በሁለቱ ጫፎች መካከል ይታሰራል። ፌዙ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ከጋራው ጋር አነስተኛ ኦም ባነበበው ላይ ነው። አንዱ ሽቦ ከማንም ጋር ካላነበበ ጥቅልሉ ተቆርጧል፣ ያኔ ለባለሙያ ይሰጥ።

ከመሰቀሉ በፊት ክንፎቹ ሳይገጠሙ መሬት ላይ ሞክሩት፤ ሞተሩን ግን ዘንጉን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ሲነሳ ይወራጫል። የሚዞረው የክንፉ ከፍ ያለው ጠርዝ በሚቀድምበት አቅጣጫ መሆን አለበት፣ አየሩን ወደ ታች የሚገፋው ያ ነው። ወደ ኋላ ከዞረ ፌዙ የገባው በተሳሳተው ጫፍ ነው፤ አጥፍታችሁ ወደ ሌላው አዙሩት። ሽቦዎቹን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ሙቀት ላይ ይላላል፣ በሞርሴቶ (በብሎን በሚጠብቅ የሽቦ ማገናኛ) እሰሯቸው። ቤቱ የምድር መስመር ካለው አረንጓዴውን ሽቦ ከዘንጉ ብረት ጋር ማሰርም አይረሳ።